የተቈረጠችው እጅና ዙፋኑ

ከባሕር ዳር ወደብ ቆሞ ጣናን የሚመለከት ሰው በፊቱ የተዘረጋው ውሃ የነገሥታትን መቃብር የያዘ ሐይቅ መሆኑን ያስታውስ ይሆናል። ታላቁ ዐፄ ኢያሱ በ1699 ዓ.ም. በሐይቁ ደሴት ላይ ተገድለው በምጽራሐ ገዳም ተቀብረዋል። ዛሬ ልናወሳ ያሰብነው ግን የልጃቸውን የዳግማዊ ዐፄ ዮሐንስን ታሪክ ነው፤ ስለ አካል ጉዳተኞች በልባችን የያዝነውን ግምት የሚመረምርልን ሆኖ አግኝተነዋልና።

ዮሐንስ እንደ ዘመኑ የንጉሥ ልጆች ሁሉ በወህኒ አምባ ተግዘው ይኖሩ ነበር። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው፣ በኋላም በጣና ዳርቻ አልፎ እስከ ግሽ ዐባይ የዘለቀው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እንደ ጻፈው፣ ከአምባው አምልጠው በተያዙ ጊዜ እጃቸው ተቈረጠ፤ አካሉ የጐደለ ሰው እንዳይነግሥም የአገሩ ሕግ ይከለክል ነበር። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ሥልጣን ራሱ ጕድለቱን ፈጠረ፤ ያው ሥልጣን ደግሞ «ጐደሎ ነህ» ብሎ በሩን ዘጋ።

ነገር ግን በ1761 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል ስሑል ዐፄ ኢዮአስን ከሻሩ በኋላ ሌላ ንጉሥ አስፈለጋቸው፤ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የደረሰውን ዮሐንስንም ከአምባ አስወርደው አነገሡ። የእጁ ነገር ቢነሣባቸው በፌዝ አለፉት። እጁ መልሶ አልበቀለም፤ የተለወጠው የባለሥልጣኑ ፈቃድ ብቻ ነበር።

አዲሱ ንጉሥ ግን እንደ ታሰበው ታዛዥ ሆነው አልተገኙም። ራስ ሚካኤል በዳሞቱ ገዥ በፋሲል ላይ ሊዘምቱ በተነሡ ጊዜ አብሬ አልዘምትም አሉ፤ በጥቅምት 1762 ዓ.ም. ሞቱ፤ ብሩስም የሞታቸውን ምክንያት መርዝ ነው ይላል። አምስት ወር ያህል የነገሡትን ሽማግሌ ለሞት ያበቃቸው እንቢታቸው እንጂ የእጃቸው መጕደል አልነበረም።

ይህስ የቤተ መንግሥት ነገር ነው የሚል ቢኖር ወደ ጎጃም የቅኔ ቤቶች ይመልከት። መምህሩ ቅኔውን በቃል ይዘርፋል፤ ተማሪው በጆሮው ተቀብሎ የራሱን ይቈጥርና ለመምህሩ ያሰማል። በዚህ ሥርዐት የሚመዘነው ጆሮና ልብ ስለ ሆነ ዐይነ ስውሩ ተማሪ ከጓደኞቹ ወደ ኋላ አይቀርም። መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀምበሬ ዐይነ ስውር ሲሆኑ ከታወቁት የቅኔ ሊቃውንት አንዱ ነበሩ፤ «ኰኵሐ ሃይማኖት» የተባለውንም መጽሐፍ ትተውልን አልፈዋል። ሚዛኑ ሲቃና ሰውየው ሙሉ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

አገራችንም በአዋጅ ቁጥር 568/2000 የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት ደንግጋለች፤ የሥራው ጠባይ ካላስገደደ በቀር ችሎታው ያለው አካል ጉዳተኛ ያለ አድልዎ የመወዳደርና የመቀጠር መብት አለው። ይሁን እንጂ እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ሥራ ፈላጊው በምርኵዝ ተደግፎ ወደ ቢሮአችን ሲገባ፣ ማስረጃውን ከመግለጣችን በፊት «ይህን ሥራ አይችለውም» ብለን ያልፈረድንበት ጊዜ አለን? ዐይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ የእኛ ዐይን ግን ብዙ ጊዜ ልብን ሳይጠብቅ ይፈርዳል።

ስለዚህ ነገ አንድ ማመልከቻ በጠረጴዛችን ላይ ሲቀርብ የዐፄ ዮሐንስን እጅ እናስታውስ፤ ሰውየውንም ከመመዘናችን በፊት ሚዛናችንን እንመርምር።