የክረምቱ ዝናብና ዝቅተኛ የአየር ግፊት፦ ከማንቡክ ሲታይ የአንድ እውቀት ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ስለ ክረምት ነው። የታሪክ ሰው እንደ መሆኔ ዝናብን የመተንበይ ሥልጣን የለኝም፤ የምጠይቀው ሌላ ነው። የክረምታችን ዝናብ በአየር ግፊት የሚገዛ መሆኑን እነማን፣ መቼ፣ ለማን ጥቅም ሲሉ መረመሩት? እውቀቱ ወደ እኛ ሲደርስስ ምን ተሠራበት? ጥያቄውን የማነሣው በመተከል ዞን ከምትገኘው የዳንጉር ወረዳ ከተማ፣ ከማንቡክ ተነሥቼ ነው። ምክንያቴ ወደ ኋላ ይገለጣል።

አስቀድሜ ስለ አሠራሩ ጥቂት ልበል። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስታዘነብል የሰሐራና የዐረብ ምድረ በዳ ይግላል። የጋለው አየር ይሳሳል፣ ወደ ላይም ይነሣል፤ በምድሪቱ ላይ የሚያርፈው የአየር ክብደት ይቀንሳል። ዝቅተኛ የአየር ግፊት የምንለው ይህንን ነው። በአንጻሩ በደቡብ አትላንቲክ በቅድስት ሄሌና ደሴት፣ በደቡብ ሕንድ ውቅያኖስም በማስካሬን ደሴቶች አካባቢ ከፍተኛ ግፊት ይበረታል። ነፋስ ከከፍተኛው ግፊት ወደ ዝቅተኛው ይነፍሳልና፣ አየሩ የምድር ወገብን ተሻግሮ፣ በምድር መሽከርከር ምክንያት ወደ ቀኝ ታጥፎ ይመጣል፤ ከደጋው ተዳፋት ጋር ሲጋጭ ከፍ ይላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይዘንባል። የሰሜንና የደቡብ ነፋሳት የሚገናኙበት የዝቅተኛ ግፊት ቀጠና በሐምሌና በነሐሴ ሱዳን ላይ እስከ 15 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ገደማ ይዘልቃል። ማንቡክ 11 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነች ቀጠናው ወደ ሰሜን ሲሄድ ቀድሞ ይደርስባታል፣ ሲመለስም ዘግይቶ ይለቃታል፤ ዝናቧም ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይቆያል። ሰሜን ወሎና ትግራይ ግን በጠርዙ ላይ ናቸው። ቀጠናው በተዳከመ ዓመት አስቀድመው የሚደርቁት እነርሱ ናቸው። ይህን ልዩነት ልብ በሉልኝ።

ግንኙነቱን በቁጥር ለመፈተን ከተነሡት ቀዳሚዎች መካከል የግብፅ የቅየሳ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበረው እንግሊዛዊ ሄንሪ ላየንስ ይገኛል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላየንስ የዓባይን የጎርፍ መዛግብት ከአየር ግፊት መዛግብት ጋር አስተያይቶ፣ በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ የበጋው ግፊት ከፍ ባለ ዓመት ጎርፉ እንደሚያንስ አሳየ። (የአውሮፓ በጋ የእኛ ክረምት መሆኑን ማስታወስ ያሻል፤ በትርጉም ሥራ ብዙ ስሕተት የሚፈጥረው ይህ ነው።) የአየሩ ጠባይ የእኛ ነበር፤ ጭንቀቱ ግን ስለ ግብፅ የመስኖ ውኃ ነበር። ጭንቀቱም ከንቱ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1913 የዓባይ ፍሰት በመዛግብት ከታወቁት እጅግ ዝቅተኞች አንዱ ሆነ። የሕንድ የሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት መሪ ጊልበርት ዎከርም የሕንድን ሞንሱን ለመተንበይ ሲል የዓባይን ጎርፍ ከስሌቱ አስገብቷል። የእኛ ዝናብ ለካይሮ መስኖ፣ ለሕንድም ረሃብ ማስጠንቀቂያ እንዲሆን ተመረመረ ማለት ነው።

እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣም ክርክር ነበር። ጄ. አይ. ክሬግ እ.ኤ.አ. በ1910 ምንጩ ደቡብ አትላንቲክ ነው ብሎ ጻፈ፤ ሐሳቡም በመማሪያ መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ ቆየ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ኖርዌያውያኑ ኤለን ቪስቴና አስገይር ሶርቴበርግ የአየሩን መንገድ ወደ ኋላ ተከትለው፣ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣው ድርሻ ከተገመተው ያነሰ፣ ከሕንድ ውቅያኖስና ከሰሜን በኩል የሚመጣው ደግሞ የበዛ መሆኑን አሳዩ። እንደ እኔ ግምት የቀድሞው ሐሳብ ይህን ያህል የቆየው ነፋሱ ለዓይን ከምዕራብ ስለሚታይ ነው።

በአገራችን የሚቲዎሮሎጂ ሥራ በሲቪል አቪዬሽን ሥር ለአውሮፕላን በረራ አገልግሎት ሲሰጥ ቆይቶ፣ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት የሆነው በ1973 ዓ.ም. ነው። የክረምት ወቅታዊ ትንበያ መስጠት የተጀመረው በ1979 ዓ.ም. ነበር። በሁለቱ ዓመታት መካከል የ1976 ክረምት አለ። ያን ክረምት በኤልኒኞ የሚያሳብቡ አሉ፤ ነገር ግን ኤልኒኞው የታየው በ1974 እና በ1975 ነበር።

ማንቡክ ወደ ታሪኩ የምትገባው እዚህ ላይ ነው። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከወሎ፣ ከከምባታና ሀዲያ፣ ከሌሎችም አካባቢዎች ወደ ማንቡክ ጎረቤት ወደ ፓዌ አሰፈረ፤ በጣልያን ገንዘብ የተደገፈው የጣና በለስ ፕሮጀክትም ተከተለ። የውሳኔው አመክንዮ በአየር ጠባይ ካርታ ላይ ትክክል ነበር፦ ቀጠናው ከሚከዳበት ጠርዝ ወደማይከዳበት ምድር። ፓዌ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ካርታው ያላሳየው ግን ያው ዝናብና ያው ሙቀት የወባ ትንኝ መራቢያ መሆናቸውን፣ ቆላው በሬዎችን በገንዲ የሚጨርስ መሆኑን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ምድሩ ባዶ አለመሆኑን ነው። ጉሙዞች እርሻቸውን እያፈራረቁ፣ ማር እየቆረጡ፣ እያደኑና ዓሣ እያጠመዱ ይኖሩበት ነበር፤ በዕቅዱ «ያልለማ» የተባለው ምድር ለዓመታት ያሳረፉት ማሳቸው ነበር። ከዚያ በኋላ በመተከል ለታየው የመሬት ግጭት መንሥኤው ሰፈራው ብቻ ነው አልልም፤ ከመንሥኤዎቹ አንዱ መሆኑን ግን አልጠራጠርም።

የበለስ ወንዝ ይህን ሸለቆ አቋርጦ ዓባይን የሚቀላቀለው ከታላቁ ሕዳሴ ግድብ በላይ ነው። ግድቡ በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ላየንስ ከካይሮ ሆኖ በቁጥር ይከታተለው የነበረው ዝናብ ዛሬ አስቀድሞ የሚጠራቀመው ከማንቡክ በስተ ምዕራብ፣ በጉባ ነው።