ድምፅና ባለቤቱ፤ ከላስታ የዜማ ትምህርት እስከ ተንቀሳቃሽ ሥዕል

በላስታ ደጋ፣ በላሊበላና በአካባቢው አድባራት፣ ዜማ ከመምህሩ አፍ ወደ ደቀ መዝሙሩ ጆሮ ሲተላለፍ ኖሯል። በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማ ምልክቶችን እንደ ሠሩ ቢነገርም፣ ምልክቱ የመምህሩን ድምፅ አልተካም፤ ተማሪው ሲስት የሚያርመው መምህሩ ነው። በገና ዕለት በቤተ ማርያም ዙሪያ ከአለቱ አፋፍ ላይ ቆመው «ቤዛ ኵሉ» የሚያዜሙት ካህናትና ከታች ሆነው የሚቀበሏቸው የዚሁ ልማድ ፍሬዎች ናቸው። በዚህ ሥርዓት ድምፅ ይቀዳል፤ ነገር ግን ሰጪና ተቀባይ ይተዋወቃሉ።

ድምፅ ከባለቤቱ ተለይቶ መጓዝ የጀመረው በመሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ሰላምታቸውን በፎኖግራፍ ሰም ላይ ቀርጸው ሲልኩ፣ ቅጂው ከተደመጠ በኋላ እንዲጠፋ አዘዙ። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ በ1899 በዚያው ዓይነት መሣሪያ የሰጡት መልስ ግን እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል። ከዚህ መልእክት ልውውጥ የሚወሰደው ትምህርት፣ ቅጂው ይኑር ወይስ ይጥፋ የሚለውን የመወሰን ሥልጣን የባለ ድምፁ መሆኑ ገና ከጅምሩ መታሰቡ ነው።

ተናጋሪ ሳይኖር ንግግርን ማስገኘት ደግሞ ሌላ ደረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 በኒው ዮርክ የዓለም ትርኢት የታየው ቮደር በሠለጠነ ሠራተኛ እጅና እግር እየተመራ ይናገር ነበር። በ2023 ማይክሮሶፍት ያስታወቀው ቫል-ኢ ግን የ3 ሰከንድ ቅጂ ብቻ ሰምቶ የዚያን ሰው ድምፅ ያስመስላል። ከዚህም የተነሣ፣ በትርፍ ጊዜው ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚሠራ ወጣት ተዋናይ ሳያሰባስብ ለአንበሳውም ለጦጣዋም ድምፅ ሊሰጥ ይችላል።

በአገራችን በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በቀረበው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የአሻንጉሊቷ ቀጭኔ ድምፅ የብሩክታዊት ጥጋቡ ነበር። ብሩክታዊት አስቀድመው በመምህርነት የሠሩ በመሆናቸው፣ ሕፃናቱ የሚሰሙት ቃል አጠራሩን የሚያውቅና ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው ነበረው። መሣሪያ ይህን ሥራ ሲረከብ ግን እርማት ያስፈልገዋል። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይምና፤ «ገና» ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው፣ ሲላላ ግን ጊዜው አለመድረሱን ያመለክታል። መሣሪያው ይህን ቢስት፣ ፊደል በመቁጠር ላይ ያለ ሕፃን ስሕተቱን እንደ ትክክል ይዞት ያድጋል።

ከሁሉም የሚከብደው የፈቃድ ጉዳይ ነው። አንድ መምህር የላስታን ሽማግሌ ተረት ቀድቶ ድምፃቸውን ለሥዕሉ ገጸ ባሕርይ ቢያውል፣ ሽማግሌው በሕይወት ሳሉም ሆነ ካረፉ በኋላ ያልተናገሩትን ሊናገሩ ይችላሉ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኞችን መብት ቢደነግግም፣ በወጣበት ዘመን እንዲህ ያለው መሣሪያ አልተስፋፋም ነበር። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ሥራ ላይ የዋለው በቅርቡ ነው።

ስለሆነም የትምህርት መሣሪያ አዘጋጆች ሕጉ እስኪዳብር ሳይጠብቁ ሊከተሉት የሚገባ ሥርዓት አለ። ይኸውም ባለ ድምፁ ለየትኛው ተረትና ለምን ያህል ጊዜ እንደ ፈቀደ በጽሑፍ መያዝ፣ የተሠራውን ከተማሪዎች በፊት ለእርሱ ማሰማትና ማሳረም፣ ይጥፋ ሲልም ማጥፋት ነው። የዜማው መምህር ማረሙን አልተወም፤ ንግሥቲቱም ማዘዛቸውን አልተዉም። ለሽማግሌውም ከዚህ ያነሰ ሊደረግ አይገባም።