የኢትዮጵያ የጦር ጀልባዎችና የጥቃት አውሮፕላኖች ታሪክ

የኢትዮጵያ የጦር ጀልባዎችና የጥቃት አውሮፕላኖች ታሪክ በአብዛኛው የሃያኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ ነው። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዘመናዊው ባሕር ኃይል የተመሠረተው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። አየር ኃይሉ በጣሊያን ወረራ ተቋርጦ እንደገና ከተቋቋመ በኋላ እስከ ዛሬ ዘልቋል። ባሕር ኃይሉ ግን ወደቦቹን በ1983 ዓ.ም. አጥቶ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈርሷል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር ዘመኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ምንነታቸው

የጥቃት አውሮፕላን የሚባለው ዋና ሥራው ዝቅ ብሎ በመብረር በምድር ላይ ያለን ጦር፣ ታንክ፣ ድልድይ ወይም ምሽግ መምታት የሆነ አውሮፕላን ነው። ተዋጊ አውሮፕላን ከሌላ አውሮፕላን ጋር በአየር ላይ ይዋጋል፤ ከባድ ቦምብ ጣይ ከሩቅ ከተማና ፋብሪካ ይደበድባል። በተግባር ግን ድንበሩ የጠራ አይደለም። ብዙ አውሮፕላን የሌለው አገር አንዱን አውሮፕላን ለሁሉም ሥራ ስለሚጠቀምበት፣ በኢትዮጵያ ታሪክ «ተዋጊ» ተብለው የተገዙት አብዛኞቹ አውሮፕላኖች ብዙ የዋሉት ምድር በመደብደብ ነው።

የጦር ጀልባ ከትልቅ የጦር መርከብ የሚለየው በትንሽነቱና በፍጥነቱ ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ዋይትሄድ እ.ኤ.አ. በ1866 በራሱ ሞተር የሚሄድ ቶርፔዶ ከሠራ በኋላ ትንሽ ጀልባ ትልቅ መርከብ ማስጠም ቻለ። ከመቶ ዓመት በኋላ ቶርፔዶው በሚሳይል ተተካ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1967 የግብፅ ሚሳይል ጀልባዎች «ኤይላት» የተባለችውን የእስራኤል አውዳሚ መርከብ ሲያስጥሙ ብዙ መንግሥታት ርካሽ ሚሳይል ጀልባ ፍለጋ ተሯሯጡ። ኢትዮጵያም ቆይታ ከነዚህ አንዷ ሆናለች።

ጥንታዊው መነሻ

ጦር በመርከብ ማጓጓዝ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አልነበረም። የአክሱሙ ንጉሥ ካሌብ እ.ኤ.አ. በ525 አካባቢ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በሒምያር፣ በዛሬዋ የመን፣ ላይ ዘምቷል። የቢዛንታዩ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ በዚያ ባሕር የሚሄዱት መርከቦች ሳንቃዎቻቸው በብረት ምስማር ሳይሆን በገመድ የተያያዙ እንደነበሩ ጽፏል። ይህ ባሕል አልቀጠለም። ኦቶማን ቱርኮች እ.ኤ.አ. በ1557 ምጽዋን ሲይዙ መንግሥቱ ከባሕሩ ርቆ ነበር፤ በመሀል አገር የቀረው የሐይቆቹ ታንኳ ነው።

የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች

በነሐሴ 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው አውሮፕላን ፈረንሳይ ሠራሹ ፖቴዝ 25 ነበር፤ አብራሪውም ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ነው። ብዙም ሳይቆይ የጀርመን ዩንከርስ ተከተለ። በተከታዩ ዓመት ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ ለብቻቸው በመብረር የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያዊ አብራሪዎች ሆኑ።

አገር ውስጥ አውሮፕላን የመሥራት ሙከራም ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪ የነበረው ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር በአዲስ አበባ የገጣጠማት ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም «ፀሐይ» ተባለች። 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ነበራት። የልምምድ አውሮፕላን እንጂ የጦር አልነበረችም። ጣሊያኖች ማርከው ወሰዷት፤ ለብዙ ዓሥርት ዓመታትም በጣሊያን ሙዚየም ቆይታ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች።

ጦርነቱ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲጀመር የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች ቁጥር ከደርዘን ብዙም የማይበልጥ ነበር። መሣሪያ ስላልነበራቸው መልእክት፣ መድኃኒትና ሰው ከማመላለስ አያልፉም። አዛዡ «ቡናማው ኮንዶር» በመባል የሚታወቀው አፍሪካ አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰን ነበር። በሌላው ወገን ጣሊያን በመቶዎች የሚቆጠሩ አውሮፕላኖች አሰልፋለች።

የደቡብ ግንባር፣ ሲዳሞና ጌዴኦ

የአየር ጥቃት ምን ያህል ጦርነትን እንደሚለውጥ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ የደቡብ ግንባር ነው። የዛሬው የጌዴኦ ዞን በዚያን ጊዜ ደራሳ ተብሎ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበር። ገዥው ራስ ደስታ ዳምጠው መቀመጫቸው ይርጋለም ነበር፤ ከዚያም ተነሥተው ወደ ዶሎ አቅጣጫ ዘመቱ። መንገዱ ከደጋው የእንሰትና የቡና አገር ወጥቶ ወደ ገናሌ ሸለቆ ቆላ ይወርዳል። በደጋው ዛፍ ሰውን ይሸሽጋል። በቆላው ግን ብዙ መጠለያ የለም፤ ውኃ የሚገኘውም በወንዙ ዳር ብቻ ስለሆነ ጦሩ ከአውሮፕላን የሚታይበት ቦታ አስቀድሞ የታወቀ ነበር።

የጄኔራል ግራዚያኒ አውሮፕላኖች ይህንን ጦር ለሳምንታት በቦምብና በመርዝ ጋዝ ደበደቡት። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. መልካ ዲዳ ላይ የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል ተመታ፤ ሕሙማንና ሠራተኞች ሞቱ። ጥቃቱ በዓለም ጋዜጦች ከፍተኛ ቁጣ አስነሣ። በጥር ወር የገናሌ ዶሪያ ውጊያ ሲደረግ ጦሩ አስቀድሞ ተዳክሞ ስለነበር ግራዚያኒ በቀናት ውስጥ ነገሌ ደረሰ። የጦር ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ የሰሜኑን ግንባር ያስቀድማሉ፤ ሆኖም እግረኛ ጦር ገና ጠላቱን ሳያይ ከአየር መሰበር ምን እንደሚመስል ከዚህ ውጊያ ይበልጥ የሚያሳይ ማግኘት ከባድ ነው።

ራስ ደስታ አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላም በሲዳሞ ደጋ ትግሉን ቀጠሉ። ደኑና ዝናቡ አውሮፕላኖቹን ስለሚያግድ ጣሊያኖች አካባቢውን ለመቆጣጠር ወራት ፈጀባቸው። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በጎጌቲ ውጊያ ደጃዝማች ገብረ ማርያም ጋሪ ወደቁ፤ ራስ ደስታም ተይዘው የካቲት 17 ቀን ተገደሉ። ልጃቸው እስክንድር ደስታ ያን ጊዜ ሕፃን ነበር። ስሙ ከታች በባሕር ኃይሉ ታሪክ ውስጥ ይመለሳል።

በ1933 ዓ.ም. አቅጣጫው ተገለበጠ። የጎልድ ኮስት (የዛሬዋ ጋና) ወታደሮች ከነገሌ ተነሥተው ዋደራ ላይ ከጣሊያን ምሽግ ጋር ሳምንታት ተዋጉ። ሌላ የምሥራቅ አፍሪካ ጦር ከሞያሌ አቅጣጫ፣ ዛሬም ዲላን አቋርጦ በሚያልፈው መሥመር፣ ወደ ሰሜን ገፋ። ከሻሸመኔ የወረደው ጦር ዳሌን በግንቦት ወር ሲይዝ በመካከል ያሉት ጣሊያኖች መውጫ አጡ። የዝናቡ ወቅት ስለነበር ከአውሮፕላኑ ይልቅ ያስቸገረው ጭቃው ነው።

ቀይ ባሕር በ1933 ዓ.ም.

በዚያው ዓመት ምጽዋ አጠገብ አውሮፕላንና ጀልባ ከትልቅ መርከብ ጋር የሚያደርጉት ግጥሚያ ሁለት ምሳሌ ታየ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 3 ቀን 1941 ከፖርት ሱዳን የተነሡ ስወርድፊሽ የተባሉ ባለ ሁለት ክንፍ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ሁለት የጣሊያን አውዳሚ መርከቦችን አሰጠሙ። ከአምስት ቀን በኋላ ደግሞ አንዲት የጣሊያን ቶርፔዶ ጀልባ «ኬፕታውን» የተባለችውን የእንግሊዝ ክሩዘር መትታ ከጥቅም ውጭ አደረገቻት። ጀልባዋ የባሕር ዳር ጠባቂ እንጂ ለትልቅ ውጊያ የታሰበች አልነበረችም።

ቢሾፍቱና ምጽዋ

ከነጻነት በኋላ አየር ኃይሉ በቢሾፍቱ (ደብረ ዘይት) እንደገና የተቋቋመው በስዊድናውያን እርዳታ ነው። መሪው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በጣሊያን ጦርነት ጊዜ የቀይ መስቀል አውሮፕላን ያበረረ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ የመጡት ከ40 በላይ ሳብ 17 አውሮፕላኖች የኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ እውነተኛ የጥቃት አውሮፕላኖች ናቸው። አብራሪው አፍንጫውን ወደ ዒላማው ደፍቶ እየተወረወረ ቦምቡን ይለቃል፤ ዛሬ ኮምፒውተር የሚያሰላውን ማዕዘንና ፍጥነት ያን ጊዜ ያሰላው የነበረው የአብራሪው ዓይን ነው።

ቀጥሎ የአሜሪካ ዘመን መጣ። ኤፍ-86 ሴበር ጄቶች እ.ኤ.አ. በ1960 ደረሱ፤ በተከታዩ ዓመት አራቱ በተባበሩት መንግሥታት ሥር ኮንጎ ዘመቱ። ኤፍ-5 እና የእንግሊዝ ካንቤራ ቦምብ ጣዮች ተከተሉ።

ባሕር ኃይሉ የተወለደው ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ከተዋሐደች በኋላ ነው። ዋናው የጦር ሰፈር ምጽዋ፣ የመኮንኖች ኮሌጁ አስመራ ሆነ፤ የኖርዌይ መኮንኖች ያሠለጥኑ ነበር። አሜሪካ ከሰጠቻቸው የጥበቃ ጀልባዎች ሌላ በጥር 1954 ዓ.ም. የመጣችው «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ ትልቋ ነበረች። ይህች መርከብ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ውስጥ ሳለች በውኃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን የምታገለግል ስለነበረች ሁለቱ የመሣሪያ ዓይነቶች በአንድ አካል የተገናኙባት ናት ማለት ይቻላል። ኢትዮጵያ ከደረሰች በኋላ በዋናነት የማሠልጠኛ መርከብ ሆነች። የራስ ደስታ ልጅ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ምክትል አዛዥ ሆነው ባሕር ኃይሉን መርተዋል። ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከረሸናቸው ባለሥልጣናት አንዱ ናቸው።

የሶማሊያ ጦርነት

ሶማሊያ በ1969 ዓ.ም. ስትወርር በአውሮፕላን ቁጥር ትበልጥ ነበር፤ ሚግ-21 እና ሚግ-17 ነበሯት። ኢትዮጵያ የነበሯት ኤፍ-5ኢ ጥቂት ናቸው። አብራሪዎቹ ግን በአሜሪካ ደረጃ የሠለጠኑ ነበሩ፤ አየሩን ከያዙ በኋላ የጠላትን የስንቅና የነዳጅ መሥመር መምታት ቻሉ። ሥልጠና ከቁጥር ሲበልጥ ለማየት ጥሩ ምሳሌ ነው። ከአብራሪዎቹ መካከል ለገሠ ተፈራ አውሮፕላናቸው ተመትቶ ተማርከው 11 ዓመት ያህል በሶማሊያ ታስረዋል። ፎን ሮዘንም ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በሶማሊያ ጥቃት ተገደለ፤ ወደዚያ ሄዶ የነበረው ለእርዳታ ሥራ ነው። በየካቲት 1970 ዓ.ም. የሶቪየት ሚ-6 ሄሊኮፕተሮች ተሽከርካሪዎችን ከካራማራ ተራራ ጀርባ አሳረፉ፤ ጅጅጋም የካቲት 26 ቀን ተመለሰች።

የሶቪየት መሣሪያና የምጽዋ ውጊያ

ከዚያ በኋላ ሚግ-23ቢኤን የምድር ጥቃት አውሮፕላንና ሚ-24 ተዋጊ ሄሊኮፕተር የአየር ኃይሉ ዋና መሣሪያ ሆኑ። ባሕር ኃይሉም «ኦሳ» የተባሉ ሚሳይል ጀልባዎች፣ ቶርፔዶ ጀልባዎች፣ የታንክ ማውረጃ መርከቦችና ሁለት «ፔትያ» ፍሪጌቶች አገኘ። አንዲት ኦሳ 40 ሜትር ያህል ርዝመት አላት፤ አራት ሚሳይሎች ትሸከማለች። ሚሳይሉ ከተተኮሰ በኋላ በአፍንጫው ባለው ራዳር ዒላማውን ራሱ ይፈልጋል። ለዚህም ጠላቱ ትልቅና ከውኃው ጎልቶ የሚታይ መርከብ መሆን አለበት።

የገጠመው ጠላት ግን እንዲያ አልነበረም። የሕዝባዊ ግንባር ሓርነት ኤርትራ (ሻዕቢያ) ተዋጊዎች ትናንሽ የፋይበርግላስ ፈጣን ጀልባዎች ላይ መትረየስና ሮኬት ጠምደው በየካቲት 1982 ዓ.ም. መጀመሪያ ምጽዋን ከየብስና ከባሕር አጠቁ። ብዙ መርከቦች ሰመጡ። ወደቧ ከተያዘች በኋላ አየር ኃይሉ ከተማዋን ደጋግሞ ደበደበ፤ የእርዳታ እህል ሳይቀር ተቃጠለ።

የአየር ኃይሉ አውሮፕላኖች በገዛ አገር ሰላማዊ ሰው ላይ ካደረሱት ጉዳት በጣም የሚታወቀው የሐውዜን ድብደባ ነው። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ረቡዕ፣ በገበያ ቀን፣ ሚጎችና ሄሊኮፕተሮች ከተማዋን ለሰዓታት መቱ። የሟቾቹ ቁጥር ብዙ ጊዜ 2,500 ተብሎ ይጠቀሳል። የጥቃት አውሮፕላን ታሪክ በፍጥነትና በክብደት ብቻ ሲጻፍ ይህ ይረሳል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ

ደርግ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሲወድቅ የቀሩት መርከቦች ወደ የመን፣ ሳዑዲ አረቢያና ጅቡቲ ሸሹ። «ኢትዮጵያ» ከየመን አልተመለሰችም። ጅቡቲ የነበሩት የወደብ ዕዳቸው ስላልተከፈለ በ1989 ዓ.ም. መግቢያ ለጨረታ ቀረቡ፤ ባሕር ኃይሉም በዚሁ አበቃ።

በኢትዮጵያና ኤርትራ ጦርነት ሁለቱም ወገኖች ከአየር ደበደቡ። ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. የኤርትራ አውሮፕላን መቀሌ ላይ የአይደር ትምህርት ቤትን መታ፤ ሕፃናት ሞቱ። ኢትዮጵያ ሱ-27 ተዋጊዎችን ገዛች፤ በ1992 ዓ.ም. ደግሞ ለምድር ጥቃት ብቻ የተሠራውን ሱ-25 በጥቂቱ አስገባች። ከ2013 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ የዚህን ሥራ ትልቅ ክፍል ሰው አልባ አውሮፕላን ወይም ድሮን ይዞታል። አብራሪው ከመሬት ሆኖ በካሜራ እያየ ይተኩሳል፤ ማን ተዋጊ ማን ሰላማዊ እንደሆነ የመለየቱ ጥያቄ ግን አልተፈታም።

ባሕር ኃይልን መልሶ የማቋቋም ሐሳብ በ2010 ዓ.ም. ይፋ ሆነ፤ መጋቢት 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የመከላከያ ስምምነት ይህንኑ ያካትታል። የባሕር በር ስለሌለ ጀልባዎቹ በየትኛው ወደብ እንደሚቆሙ ከጎረቤት አገሮች ጋር በሚደረግ ስምምነት የሚወሰን ነው።