የተከለ ወይስ የጠበቀ?

በጅማ መንገድ ሰበታን አልፋችሁ ተፍኪ ስትደርሱ ሜዳው ጥቁር ነው። ክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል። በዚህ መረሬ ላይ ቤት የሠራ ሰው ግቢውን ማሳመር ቢፈልግ፣ በፎቶ ያየውን ቀይ የጃፓን ሜፕል ቢመኝ አይፈረድበትም። ግን ያ ዛፍ በአገሩ ቅጠሉን አራግፎ የሚያርፍበት ረጅም ብርድ ለምዷል። ውሃ የማይቋጥር አፈርና ከጠራራ ፀሐይ የሚከልለው ጥላም ይፈልጋል። ተፍኪ ላይ የመጀመሪያው ክረምት ሥሩን ያበሰብሰዋል።

እንግዲህ ታሪክን እንጠይቅ። ከሰበታ በላይ፣ ወጨጫ ተራራ ላይ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ዘሩ ከደጋ ወደ ደጋ ነው የሄደው። ዋናው ነገር ግን የመጣበት ቦታ ብቻ አይደለም፤ ደኑ ዛሬም የቆመው ከንጉሡ በኋላም የጠበቀው ስለነበረ ነው።

አዲስ አበባ ግን ሌላ ታሪክ አላት። በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ማገዶና ማገር ሆኖ አለቀ። ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደረሱ። ከተማዋን ከመሰደድ ያዳናት በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ስለዚህ እንግዳ ዛፍ ሁሉ ጠላት ነው ማለቴ አይደለም። ባሕር ዛፍ ግን አየሩ ተስማማው፤ ተቆርጦም መልሶ ያቆጠቁጣል። ጽድ እንዲህ አይታገስም።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተባልን። ቁጥሩን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። በጥር ፀሐይ ተመልሶ የራሱን ችግኝ ውሃ ያጠጣ ግን ከመካከላችን ስንቱ ነው?

የተፍኪው ባለ ቤት ሜፕሉን ይተወውና ጽድ ይትከል። አፈሩን ከፍ አድርጎ ይቆልል፣ ለክረምቱ ውሃ ማፋሰሻ ቦይ ይቅደድ፣ ከከብት ይጠርበት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች ውሃ አይንፈገው። ከዚያ በኋላ ዛፉ ለልጅ ልጆቹ ይተርፋል። የወጨጫው ጽድ ለእኛ የደረሰው እንዲሁ ነው።