የቀን ቆጠራ
የእንግሊዝ ፓርላማና የሽብር ሕጎቹ

ሰው ሳይከሰስ ስንት ቀን ሊታሰር ይችላል? እንዲህ ሲጠየቅ የሕግ ተማሪዎች የቤት ሥራ ይመስላል። ነገር ግን አንድ አሮጌ ፓርላማ በዚህችው ጥያቄ ላይ ከ1974 እስከ 2012 ሲጣላ ኖሯል። መልሱም ሰባት፣ አሥራ አራት፣ ዘጠና፣ ሃያ ስምንት፣ አርባ ሁለት እየተባለ እንደ ዕቃ ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ ቆይቷል። እኛም የታሪክ ተማሪዎች እንደ መሆናችን ቆጠራውን ከመጀመሪያው ይዘን ለመከተል ሞከርን። (ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) «የእንግሊዝ ጉዳይ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ጓደኛ ቢኖር ትንሽ ይታገሠን፤ የነገሩ ጭራ የሚገኘው እዚሁ እኛው ደጃፍ ላይ ነው።

በ1974 ኖቬምበር 21 ማታ በበርሚንግሃም ከተማ በሁለት መጠጥ ቤቶች የተጠመዱ ቦምቦች ፈነዱ። 21 ሰው ሞተ፤ ከ180 በላይ ቆሰለ። የሰሜን አየርላንድ ጠብ ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ ከተሞች ውስጥ የገባበት ዘመን ነው። ሥልጣን ላይ የነበረው የሌበር ፓርቲ ሲሆን የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ሮይ ጄንኪንስ ነበር። ጄንኪንስ በለዘብተኛነቱና በለውጥ ወዳድነቱ የታወቀ ሰው ነው። ይኸው ሰው ነው እንግዲህ አዲሱን ሕግ ለምክር ቤቱ ይዞ የመጣው። ሥልጣኑ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ አልደበቀም፤ በጥንቷ አቴና በጭካኔው በታወቀው ሕግ አውጪ ስም «ድራኮናዊ» ብሎ ራሱ ጠራው። እንደራሴዎቹ ሌሊቱን ሲነጋገሩ አደሩና ድምፅ እንኳ ሳይቆጠር አሳለፉት። ቦምቡ ከፈነዳ በስምንተኛው ቀን፣ ኖቬምበር 29፣ ሕግ ሆነ።

ምን ይላል ሕጉ? ፖሊስ የጠረጠረውን ሰው ያለ መያዣ ትእዛዝ 48 ሰዓት ያቆየዋል፤ ሚኒስትሩ በፊርማው አምስት ቀን ይጨምርበታል። በድምሩ ሰባት ቀን፣ ዳኛ ሳያይ። ሚኒስትሩ ከፈለገም ሰውየውን ከእንግሊዝ አስወጥቶ ወደ ሰሜን አየርላንድ ይሰደዋል። የሕጉ መጠሪያ «ሽብርን ለመከላከል የወጡ ጊዜያዊ ድንጋጌዎች» ነበር። ጊዜያዊ የምትለዋን ቃል ልብ ይሏል። በተለያየ መልክ እየታደሰ ሃያ ስድስት ዓመት ኖረ።

በነገራችን ላይ በዚያችው ሳምንት፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት፣ እዚህ አዲስ አበባ ስድሳ ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሽነዋል። ስለዚህ «ሰባት ቀን ደግሞ ምን አላት!» ብሎ የሚስቅ ቢኖር አንፈርድበትም። ግን በሰባት ቀን ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማየት ይበጃል። በዚሁ ሕግ መጀመሪያ ከተያዙት መካከል ኋላ «የጊልድፎርድ አራቱ» የተባሉት ወጣቶች ነበሩ። በጊልድፎርድ መጠጥ ቤቶች ቦምብ አጥምዳችኋል ተባሉ። ጣቢያ እያሉ ቃል ሰጡ፤ አመኑ። ከዚያ የእምነት ቃል ሌላ ይህ ነው የሚባል ማስረጃ አልነበረም። በ1975 ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። የፖሊስ ማስታወሻዎች የተነካኩ መሆናቸው ታውቆ የተፈቱት በኦክቶበር 1989 ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት ማለት ነው። (የበርሚንግሃም ስድስቱም እንዲሁ በሐሰት ታስረው በ1991 ተፈትተዋል። እነርሱ ግን የተያዙት ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ስለ ሆነ የእነርሱን ዕዳ በዚህ ሕግ ላይ አንጽፍም።) በ1974 ሌሊት እንቅልፍ እያዳፋቸው ሕጉን ያሳለፉት እንደራሴዎች ይህን ሊያውቁ አይችሉም ነበር ይባላል። ይሁን። ሕጉን ግን በ1976፣ በ1984ና በ1989 እንደ ገና ሲያወጡት እንቅልፍ አልነበረባቸውም።

ከዚህ በኋላ የፓርቲዎቹ አቋም መገለባበጥ ይመጣል። ሕጉን የወለደው የሌበር ፓርቲ በ1980ዎቹ ተቃዋሚ ሲሆን ዕድሳቱን ይቃወም ጀመር። ወግ አጥባቂዎቹ ደግሞ ጠበቃ ሆኑለት። በ1988 የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት አራት ቀን ከስድስት ሰዓት እንኳ ያለ ዳኛ ማቆየት የበዛ ነው ብሎ ፈረደ። የማርጋሬት ታቸር መንግሥት ሕጉን አስተካከለ? የለም፤ ከስምምነቱ በዚህ አንቀጽ አልገዛም ብሎ ማስታወቂያ ላከ። ቆይቶ በ1997 ሌበር ሥልጣን ሲይዝ፣ ሲቃወመው የነበረውን ነገር በ2000 ከነአካቴው ቋሚ ሕግ አደረገው። «ወንበሩ ነው የሚያናግረው» የሚሉት ይህን ሳይሆን አይቀርም።

የ2001ዱ የኒው ዮርክ ጥቃት ከደረሰ በኋላ የወጣው ሕግ ከዚህ ሁሉ ይብስ ነበር። የሽብር ተጠርጣሪ የሆነ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ መመለስ ካልተቻለ ያለ ክስና ያለ ቀን ገደብ እንዲታሰር ፈቀደ። ቤልማርሽ የተባለው ወህኒ ቤት የታሰሩት ሰዎች አቤት አሉ። በዲሴምበር 2004 ዘጠኝ ሆነው የተሰየሙት የሕግ ሎርዶች ስምንት ለአንድ መንግሥትን ረቱት። ከመካከላቸው ሎርድ ሆፍማን የአገሪቱ ሕልውና አደጋ የሚመጣው ከሽብር ሳይሆን እንዲህ ካሉት ሕጎች ነው የሚል ቃል ጻፈ። መንግሥትም ያንን አንሥቶ በማርች 2005 የቤት ቁራኛ የመሰለ ሕግ አመጣ። ረቂቁ በታችኛውና በላይኛው ምክር ቤት መካከል ሌሊትና ቀን ሲመላለስ ሰዎቹ ሳይተኙ ከሠላሳ ሰዓት በላይ ተቀመጡ። ያልተመረጡ መኳንንት ለነፃነት ሲከራከሩ፣ የተመረጡት ሲገፉ ማየት ግራ ያጋባል። እኛም ክፍል ውስጥ ስንነጋገርበት ይህን የሚፈታልን አላገኘንም።

ዋናው ግጥሚያ የመጣው በዚያው ዓመት ነው። ጁላይ 7 ቀን 2005 ለንደን ውስጥ በሦስት የምድር ውስጥ ባቡሮችና በአንድ አውቶቡስ ላይ ቦምብ ፈንድቶ 52 ሰው ሞተ። ጁላይ 21 ሌሎች ሰዎች ያንኑ ሊደግሙ ሞክረው ቦምቡ ከሸፈ፤ ከሞካሪዎቹ አንዱ ኢትዮጵያ የተወለደ ነበር። በማግሥቱ ፖሊስ እርሱን አገኘሁ ብሎ በዚያው ሕንጻ ይኖር የነበረን አንድ ብራዚላዊ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ባቡር ውስጥ ተኩሶ ገደለ። አገሩ በዚህ ድንጋጤ ውስጥ ሳለ ቶኒ ብሌር ፖሊስ ጠይቆኛል ብሎ ዘጠና ቀን አለ። በ2003 ሰባቱ ቀን ወደ አሥራ አራት ከፍ ብሎ ነበር፤ አሁን ዘጠና።

የፖሊስ ምክንያት ባዶ አልነበረም። በአንድ ምርመራ መቶ ኮምፒዩተር ይያዛል፤ ጽሑፉ በምስጢር ቁልፍ የተቈለፈ ነው፤ ምስክሩ ሦስት አገር ተበትኗል፤ ተርጓሚ ያስፈልጋል። ሌላ ቦምብ ሳይፈነዳ መያዝ ስላለባቸው መረጃው ሳይበስል ይይዛሉ። ይህን ማጣጣል ቀልድ ነው። ተቃዋሚዎቹም ያሉት «ሽብር የለም» አይደለም። ሦስት ወር ያለ ክስ መታሰር ራሱ ቅጣት ነው፤ ሰውየው ንጹሕ ሆኖ ቢወጣ ሥራውንና ቤቱን ማን ይመልስለታል፣ የሰፈሩስ ሰው ከዚያ በኋላ ለፖሊስ ምን ሊናገር ነው ነው ያሉት። በዚያው ሰሞን ደግሞ በሌበር ጉባኤ ላይ አንድ የ82 ዓመት አዛውንት፣ በልጅነታቸው ከናዚ ጀርመን የሸሹ የፓርቲው አባል፣ ስለ ኢራቅ ጦርነት ሚኒስትሩ ሲናገር «ከንቱ!» ብለው በመጮኻቸው ተጎትተው ወጡ። ልመለስ ቢሉ ያስቆማቸው ፖሊስ የጠቀሰው የሽብር ሕጉን ነበር። ሰው ሳቀ፤ ግን ሕጉ የት የት ሊደርስ እንደሚችል ያየው በዚያ ነው።

ዘ ሰን የተባለው ጋዜጣ ከጁላዩ ፍንዳታ ፊቱ ቆስሎ የተረፈን የአንድ ሰው ፎቶግራፍ በፊት ገጹ አወጣና ብሌር ልክ ነው በሉት የሚል ጽሑፍ አጠገቡ አደረገ። ሰውየው ፕሮፌሰር ነው። ሕጉንም ይቃወም ነበር! ቁስሉን ተበድረው በእርሱ አፍ እንዳናገሩት ራሱ ወጥቶ ተናገረ። እኛ ይህን ታሪክ ስናነብ ከድምፅ ቆጠራው ይልቅ እዚህ ላይ ቆይተናል፤ የተጎጂ ስም በስንት አገር ስንት ሕግ እንዳሻገረ ለማሰብ።

ኖቬምበር 9 ቀን ድምፅ ተሰጠ። መንግሥት አንድ ሰው እንዳይጎድልበት ሲል እስራኤል ገና መድረሱ የነበረውን የገንዘብ ሚኒስትሩን ጎርደን ብራውንን ተመለስ ብሎ አስጠራው፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩንም ከሞስኮ። አልበቃም። 322 ለ291 ተሸነፈ። ከራሱ ከሌበር 49 እንደራሴዎች ከድተውታል። ብሌር በስምንት ዓመት ሥልጣኑ በታችኛው ምክር ቤት ሲሸነፍ ይህ የመጀመሪያው ነው። ወዲያው ሃያ ስምንት ቀን የሚል ማሻሻያ ቀርቦ 323 ለ290 አለፈ።

ጋዜጦች የነፃነት ድል አሉት። እኛ እዚህ ላይ ቅር ይለናል። ሃያ ስምንት ከየት መጣች? አሥራ አራትን በሁለት ማባዛት ነው፤ ሌላ ምሥጢር የላትም። መርካቶ አንዱ ዘጠና ይላል፣ ገዢው አሥራ አራት ይላል፣ መሐል ላይ ይጨባበጣሉ። ነፃነት አሸነፈ በተባለበት ቀን ያለ ክስ የሚታሰርበት ጊዜ እጥፍ ሆነ። ብሌር መቶ ሰማንያ ብሎ ቢጀምር ኖሮስ? ለሃቁ ያህል ግን ሃያ ስምንቷ አጥር ነበራት፦ ቢበዛ በየሰባት ቀኑ ዳኛ ማየት አለበት፤ ፓርላማውም በየዓመቱ ካላደሳት ትወድቃለች። ይህን አጥር አንባቢ ይያዝልን፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

ብራውን ራሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን በ2008 አርባ ሁለት ቀን አለ። ጁን 11 ቀን 315 ለ306 አለፈለት። ብልጫው ዘጠኝ ድምፅ ነው፤ ከመንግሥት ጋር የቆሙት የሰሜን አየርላንድ የዲ.ዩ.ፒ. እንደራሴዎችም ዘጠኝ ነበሩ። ምን ተሰጥቷቸው ነው የሚለው ሐሜት ብዙ ነው፤ እነርሱ ግን አልተሰጠንም ብለዋል። በማግሥቱ የወግ አጥባቂዎቹ የአገር ግዛት ጉዳይ ተጠሪ ዴቪድ ዴቪስ ተነሥቶ እንደራሴነቴን ለቅቄአለሁ፣ በዚሁ ጉዳይ መራጮቼ ይዳኙኝ አለ። ዴቪስ የቀኝ ክንፍ ሰው ነው፤ ስለ ሞት ቅጣት ጥሩ ቃል ከሚናገሩት ወገን ነበር። ለሃያ ስምንቷም ድምፁን ሰጥቷል። ቢሆንም ለእስረኛ ቀን ብሎ ወንበሩን የለቀቀ ሌላ ሰው አላየንም። ሌበር ተወዳዳሪ አላቆምም አለ፤ ሃያ ስድስት ዕጩዎች፣ አብዛኞቹ ለጨዋታ የመጡ፣ ቀረቡና ዴቪስ በጁላይ 72 ከመቶ አግኝቶ ተመለሰ። የሥልጣን ቦታውን ግን አላገኘም። ሕጉን የገደሉት ሎርዶቹ ናቸው። የስለላው ድርጅት የኤም አይ ፋይቭ የቀድሞ ኃላፊ ባሮነስ ማኒንግሃም ቡለር በላይኛው ምክር ቤት የመጀመሪያ ንግግራቸው አርባ ሁለቱን ተቃወሙ፤ ሰላይዋ አያስፈልገኝም ካሉ ማን ሊከራከር? ኦክቶበር 13 ቀን 309 ለ118 ወደቀ። በዚያው ወር መንግሥት የአይስላንድን ባንክ ገንዘብ በ2001ዱ ጸረ ሽብር ሕግ አግዷል፤ ባንክም አሸባሪ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

በተግባር ከአሥራ አራት ቀን በላይ የተያዙት ሰዎች በጠቅላላው አሥራ አንድ ነበሩ፤ ከእነዚህም ስድስቱ ሃያ ሰባትና ሃያ ስምንት ቀን ደርሰው ሦስቱ ያለ ክስ ተለቀዋል። ከ2007 በኋላ ማንም አልተያዘም። ጃንዋሪ 25 ቀን 2011 ሃያ ስምንቷን የሚያድስ ጠፋና ወደ አሥራ አራት ተመለሰ፤ በ2012 በሕግ ጸና።

አሁን ወደ ደጃፋችን እንመለስ። በ2009 የወጣው የእኛው የጸረ ሽብርተኝነት ዐዋጅ ቁጥር 652/2001 ሲነቀፍ ጠቅላይ ሚኒስትር አቶ መለስ ዜናዊ በ2012 መጀመሪያ ለተወካዮች ምክር ቤት ሲናገሩ ዐዋጁ ከምርጦቹ የዓለም ሕጎች ቃል በቃል የተቀዳ ነው ብለው ነበር። እኛም ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን አነበብናቸው። እውነትም የ«ሽብር ማበረታታት» አንቀጹ፣ «ከሕዝቡ ለከፊሉ ወይም ለሁሉም በቀጥታ ወይም በተዘዋዋሪ ማበረታቻ ሆኖ ሊታይ የሚችል» የሚለው ሐሳብ፣ ከእንግሊዙ የ2006 ሕግ ጋር ወንድማማች ነው። ቅጣቱ ግን በእንግሊዝ ቢበዛ ሰባት ዓመት ነበር፤ በእኛ ከአሥር ጀምሮ እስከ ሃያ ዓመት። ሃያ ስምንቷም አለች፤ አንቀጽ 20 ላይ። ለንደን ውስጥ ከዚህ በላይ አይታሰርም የምትል ጣሪያ ነበረች። እኛ ዘንድ እያንዳንዱ የጊዜ ቀጠሮ ከሃያ ስምንት ቀን አያንስም፣ ጠቅላላው ከአራት ወር አይበልጥም ሆነች። በየሰባት ቀኑ የሚያየው ዳኛ አልተቀዳም፤ የየዓመቱ ዕድሳትም አልተቀዳም። ጣሪያው ተገልብጦ ወለል ሆነ።

ለንደን ሃያ ስምንቷን በጣለችበት በ2011፣ በጁን ርእዮት ዓለሙ፣ በሴፕቴምበር እስክንድር ነጋ በዚህ ዐዋጅ ተይዘው ማዕከላዊ ገቡ። እስክንድር 18 ዓመት ተፈርዶበት የወጣው በ2018 ነው። ዐዋጁ በ2020 በዐዋጅ ቁጥር 1176/2012 ተሻረ። ሃያ ስምንቷ በተወለደችበት አገር ከሞተች ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመት ሆኗት ነበር።