ስለ ድንጋይ ጠባይና ስለ መንገደኞች ልብ

ስለ ወንዝ በተነገረ ጊዜ ሁላችንም ውሃውን እናስባለን፤ ውሃውን አቅፎ የያዘውን ድንጋይ ልብ የሚል ግን ጥቂት ነው። ዳሩ ግን መንገደኛን የሚያሳልፈው ወይም የሚያስቀረው ብዙውን ጊዜ ድንጋዩ ነው። ለዚህም በአሜሪካ አገር የኮሎራዶ ወንዝ በቈፈረው ታላቅ ገደል ውስጥ በ1869 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተደረገው ጉዞ ጥሩ ምስክር ነው።

የጉዞው መሪ ጆን ዌስሊ ፓውል ይባላል። የመሬትን አፈጣጠር ያስተምር የነበረ መምህር ሲሆን፣ በ1862 በአገሩ የርስ በርስ ጦርነት በሻይሎ ውጊያ ቈስሎ ቀኝ እጁን ያጣ ሰው ነው። በዚያ ዘመን የገደሉ ስፍራ በካርታ ላይ ባዶ ነበረ። ነባሮቹ ሕዝቦች ግን ከጥንት ዠምሮ በገደሉ ውስጥና በዙሪያው ይኖሩ ነበርና፣ ባዶው ካርታው እንጂ አገሩ አልነበረም።

ፓውል 9 ሰዎች አስከትሎ፣ በ4 ጀልባ የ10 ወር ስንቅ ጭኖ፣ በሜይ 24 ቀን ከግሪን ወንዝ ተነሣ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ መዠመሪያው ቀላል ነበረ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን መንገደኞቹ የወንዙን ሕግ እየተማሩ ሄዱ። ይኸውም እንዲህ ነው፤ ወንዝ ለስላሳ ድንጋይ ባገኘበት ግራና ቀኙን እያፈረሰ ይሰፋል፤ በዳሩም አሸዋና መራመጃ ይገኛል። ጠንካራ ድንጋይ ባገኘበት ግን ጎኑን ማስፋት ስለማይሆንለት ጠቦ ወደ ታች ይቈፍራል። በዚያ ላይ ከጎን የሚገቡት ጅረቶች በጎርፍ ጊዜ ቋጥኝ እያንከባለሉ ያመጡበታል፤ ውሃውም በቋጥኙ ላይ እየተናጠ ይወርዳል። ዳርቻ ካለ ጀልባውን በገመድ ይዞ ማውረድ፣ ወይም ተሸክሞ ማሳለፍ ይቻላል። ዳርቻ ከሌለ ግን ያለው ምርጫ ወደሚናጠው ውሃ መግባት ብቻ ነው።

በጁን ወር በሎዶር ገደል፣ በጠንካራው ቀይ ድንጋይ መካከል አንዱ ጀልባ ከቋጥኝ ጋር ተላትሞ ተሰበረ። ሰዎቹ ቢተርፉም ብዙ ስንቅ ጠፋ። በጁላይ ወር አንዱ ሰው ይበቃኛል ብሎ ተለየ። ከዚያ በኋላ ወንዙ ለስላሳ የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ገባና ለብዙ ቀን በጸጥታ ወሰዳቸው። ፓውል ግሌን ብሎ የሰየመው ይህ ውብ ስፍራ አብዛኛው ዛሬ በግድብ ውሃ ተሸፍኗል፤ ሐይቁም በፓውል ስም ይጠራል።

በኦገስት 14 ቀን ወደ ጥቁሩ ድንጋይ ደረሱ። ይህ ድንጋይ ዕድሜው ወደ 1,700 ሚሊዮን ዓመት የሚገመት፣ እጅግ ጠንካራ ነው። ግድግዳው ቀጥ ብሎ ውሃው ውስጥ ይገባል። ስንቃቸውም የሻገተ ዱቄት፣ የደረቀ ፖምና ቡና ብቻ ሆኖ ቀርቶ ነበር። ከጥቁሩ ድንጋይ ወጥተው ጥቂት እንደ ተጓዙ በ27ኛው ቀን እንደ ገና ገቡበት፤ ከፊታቸውም ከሁሉ የከፋ የሚመስል ወራጅ ውሃ ቆመ።

በዚያ ሌሊት ፓውል በመሣሪያ ከዋክብትን ለክቶ፣ ሰው የሚገኝበት የቨርጂን ወንዝ መገናኛ በቀጥታ ሲለካ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ብቻ እንደሚቀረው አሰላ። ሆኖም እርሱም ተጠራጥሮ በአሸዋው ላይ ሲመላለስ አደረ። በነጋው ሁለቱ ወንድማማቾች ሐውላንድና ዊልያም ደን በገደሉ ጥግ ወጥተን በእግር እንሄዳለን አሉ። ምግብ አብሳዩ የጋገረውን ቂጣ በቋጥኝ ላይ አስቀመጠላቸው። አንዱ ወገን ሌላውን ወደ ሞት የሚሄድ እየመሰለው ተላቅሰው ተለያዩ። የቀሩት 6 ሰዎች በ2 ጀልባ ውሃውን ተሻገሩ፤ በማግሥቱ ከገደሉ ወጡ፤ በኦገስት 30 ቀን ከቨርጂን ወንዝ አፍ ደረሱ። ሦስቱ ግን በሕይወት አልተመለሱም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ እነዚያን ሦስቱን ፈሪዎች ብለህ ለመፍረድ አትቸኵል። ሦስት ወር ሙሉ ያንኑ ውሃ የተጋፈጡ ደፋሮች ነበሩ፤ ገደሉን መውጣትም የደካማ ሥራ አይደለም። ወራጁ ውሃ ስድስቱን ሰብሮ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ጥበበኞቹ እነዚያ ሦስቱ ናቸው እንል ነበር። ፍጻሜውን ካዩ በኋላ መፍረድ ለማንም ቀላል ነው። ከዚህ ታሪክ ልትይዘው የሚገባህ ፓውል በዚያ ሌሊት ያደረገውን ነው። ረኀብና ድካም ብቻ እንዲመክሩት አልፈቀደም፤ መሣሪያውን አንሥቶ የቀረውን መንገድ ለካ። ልኬቱ የሚናጠውን ውሃ አላቀለለለትም፤ ፍርሃቱን ግን በልክ አደረገለት።

ፓውል በ1871 ወደዚያው ወንዝ ተመልሶ ጥናቱን ቀጠለ፤ ከ1881 እስከ 1894 ድረስም የአገሩን የመሬት ጥናት መሥሪያ ቤት መራ። በትምህርትም ሆነ በኑሮ ጥቁር ድንጋይ የሚመስል ነገር በገጠመህ ጊዜ፣ ከመሸሽህም ከመግባትህም አስቀድመህ ጥንካሬው ከምን እንደ መጣና ምን ያህል እንደ ቀረህ መርምር። ከጓደኛህም መለየት ግድ ቢሆንብህ፣ በቋጥኙ ላይ ቂጣ አስቀምጥለት እንጂ በስድብ አትለየው።