የደብረ ማርቆስ መምሪያ መጽሐፍና የድርሰት ባለቤትነት ታሪክ

የአንድ አገር መምሪያ መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ሰው ከእርሱ በፊት የጻፉትን፣ የለኩትን፣ ፎቶግራፍ ያነሡትንና የተረኩትን ሰዎች ድካም ይዞ ይነሣል። ስለዚህ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ከሰበሰበው ነገር ውስጥ የሁሉም የሆነው የትኛው ነው? የሌላ ሰው ሀብት የሆነውስ የትኛው ነው? የሚል ነው። ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ምሳሌ ናቸው።

የመጽሐፍ ባለቤትነት አሳብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በብዙ የብራና መጻሕፍት ላይ መጽሐፉን የሰረቀ ወይም ጽሑፉን የፋቀ እንዲወገዝ የሚያዝ ግዝት ሰፍሮ ይገኛል። ይሁን እንጂ ግዝቱ የሚጠብቀው ብራናውን እንጂ በውስጡ ያለውን ቃል አልነበረም፤ መጽሐፍ መገልበጥማ እንደ በጎ ሥራ የሚቆጠር ነበር። በጎጃም የቅኔ ቤቶች ግን የታላላቅ መምህራን ቅኔ ከነስማቸው ሲወሳ ኖሯል። ቃሉ ለሁሉ ይዳረሳል፤ የባለቤቱ ስም ግን አይቀርም ማለት ነው።

ባለቤትነቱ የሕግ መልክ የያዘው በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የደራሲን መብት የሚጥስ እንዲቀጣ ደነገገ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ከቁጥር 1647 እስከ 1674 ድረስ ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት በዝርዝር ደነገገ። ይህ ክፍል ከ40 ዓመት በላይ ካገለገለ በኋላ በ1996 ዓ.ም. የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ተተካ። አዋጁ መብትን ሆነ ብሎ ለሚጥስ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እሥራት መደንገጉ ጉዳዩ ምን ያህል ክብደት እንደተሰጠው ያሳያል።

እንግዲህ ሕጉ በደብረ ማርቆስ ላይ ሲሠራ እንመልከት። ከተማዋ ቀድሞ መንቆረር ትባል እንደ ነበር፣ ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃም ንጉሥ መሆናቸው፣ ከአዲስ አበባ ያለው ርቀት ወደ 300 ኪሎ ሜትር መሆኑ፣ እነዚህ ሁሉ መረጃዎች ናቸው። አዋጁ አሳብንና ተራ መረጃን ስለማይጠብቅ ማንም ሊጽፋቸው ይችላል። ሌላው ጸሐፊ መረጃውን የተረከበት ዓረፍተ ነገርና ያሰናዳበት መልክ ግን የእርሱ ነው።

የአለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ የታሪክ ጽሑፍ ለዚህ ዓይነተኛ ማስረጃ ይሆናል። እኒህ ሠዓሊና ጸሐፊ ካረፉ ከ50 ዓመት እጅግ የበለጠ ጊዜ ስላለፈ ቃላቸው ነፃ ነው። ነገር ግን በ2003 ዓ.ም. ጽሑፉ በግርማ ጌታሁን አዘጋጅነት ሲታተም የተጨመረው መግቢያና ማብራሪያ የአዘጋጁ ድካም ስለሆነ ነፃ ነው ሊባል አይችልም። የሐዲስ ዓለማየሁ ጉዳይም ሌላ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ቢሆንም መብቱ የሚቆጠረው ደራሲው ካረፉበት ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ነው፤ ስለዚህ እስከ 2046 ዓ.ም. ድረስ የወራሾቻቸው ነው። ልብ ወለዱ የሚተርክላትን ማንኩሳን ለጎብኚ ማሳየት የሚሻ ጸሐፊ የደራሲውን ስምና የመጽሐፉን ርእስ ጠቅሶ ጥቂት ቃል ማስገባት ይችላል፤ ምዕራፍ መገልበጥ ግን አይችልም።

በካርታና በፎቶግራፍ ረገድ ብዙዎች ይሳሳታሉ። የጮቄ ተራራ ከፍታ መረጃ ነው፤ ተራራውን የሚያሳየው ካርታ ግን ሥራ ነው። አዋጁ ከጥበቃ ውጭ ያደረገው ሕግንና የመሳሰሉትን ይፋ ጽሑፎች ስለሆነ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያሳተመው ካርታ ሁሉ ያለ ፈቃድ ይገለበጣል ማለት አይደለም። ፎቶግራፍም ቢሆን በመጽሐፍ የታተመ ወይም የአንሺው ስምና አድራሻ ያለበት ከሆነ፣ ከተነሣበት ጊዜ አንሥቶ ለ25 ዓመት ይጠበቃል።

ሕጉ ያልደረሰበት አንድ ሰው ቀርቷል፤ እርሱም ተራኪው ሽማግሌ ነው። አዋጁ የሚጠብቀው በጽሑፍ ወይም በሌላ መንገድ የተቀረጸን ሥራ ስለሆነ፣ የደብሩን ወይም የሠፈሩን ታሪክ በቃል የሚነግረው አዛውንት መብት አይኖረውም፤ ቃሉን ሰምቶ የጻፈው ግን ባለመብት ይሆናል። ይህ ሕጋዊ ቢሆንም ፍትሐዊ አይመስልም። በዚህም ላይ የተራኪው ስም ሲቀር ታሪኩ ምንጭ ያጣል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣው ጸሐፊም ቃሉን ከማን ጋር እንደሚያመሳክር አያውቅም።

ቀያሽ በመስክ መዝገቡ ላይ ከልኬቱ ጎን የለካውን ሰው ስምና ቀኑን የሚጽፈው ፍርድ ቤት ፈርቶ ሳይሆን፣ ስሕተት ሲገኝ ተመልሶ ለማረም እንዲቻል ነው። የመምሪያ መጽሐፍ ጸሐፊም ፈቃድ የሚያሻውን ፈቃድ ጠይቆ፣ የተራኪውንም ስም በፈቃዱ መዝግቦ ቢያልፍ፣ የቅኔ ቤቱን የቆየ ልማድና የዘመኑን ሕግ በአንድነት ጠበቀ ማለት ነው።